በአንድ ክፍል ውስጥ የሚተላለፍ ሙያ፦ የቶኒ ቤኔት እና የሌዲ ጋጋ የጃዝ ስታንዳርድ ቀረጻዎች (2011–2021)

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አንጋፋው አሜሪካዊ ድምፃዊ ቶኒ ቤኔት ከፖፕ አቀንቃኟ ሌዲ ጋጋ ጋር ከ2011 እስከ 2021 በጥምረት የሠራቸውን የጃዝ ስታንዳርድ ቀረጻዎች ይመረምራል። ስለ ሥራዎቹ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ የገበያ ማብራሪያ ነው፤ አዛውንቱ ወጣት አድማጭ፣ ወጣቷ ደግሞ የሙያ ክብር አተረፉበት የሚል። ጽሑፉ ይህን ሳይክድ፣ የቀረጻው አሠራር ራሱ፣ ማለትም ሁለቱ ድምፃውያን ፊት ለፊት ሆነው መዝፈናቸው፣ ለሙያው መተላለፍ ወሳኝ ነበር ሲል ይከራከራል። ክርክሩ የሚፈተነው ቤኔት በአልዛይመር በሽታ ከተያዘ በኋላ በተቀረጸው ሁለተኛው አልበም ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጃዝ ስታንዳርድ፣ ክሩነር፣ የጥምረት ዜማ፣ ቀረጻ፣ የሙያ ቅብብሎሽ፣ የመርሳት ሕመም

1. መግቢያ

ቶኒ ቤኔት በ1926፣ ሌዲ ጋጋ ደግሞ በ1986 ተወለዱ። ሁለቱም የኒው ዮርክ ልጆች፣ ሁለቱም የጣሊያን ስደተኞች ዘሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የስድሳ ዓመት ልዩነት አለ። በሴፕቴምበር 2014 በጋራ ያወጡት «ቺክ ቱ ቺክ» የተሰኘ አልበም በአሜሪካ የቢልቦርድ 200 ሠንጠረዥ የአንደኛነቱን ስፍራ ሲይዝ ቤኔት 88 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ቀደም በ85 ዓመቱ፣ በ2011 በወጣው «ዱዌትስ 2» አልበም የያዘውን የዕድሜ ክብረ ወሰን ራሱ አሻሻለ። ሁለተኛው የጋራ አልበማቸው «ላቭ ፎር ሴል» በኦክቶበር 2021 መጀመሪያ ወጣ። ሁለቱም አልበሞች በባህላዊ ፖፕ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝተዋል።

እነዚህ አኀዞች የሥራውን ስኬት ያሳያሉ እንጂ ምንነቱን አያስረዱም። ዝነኛ የፖፕ ድምፃውያን ወደ አሮጌው የዘፈን መዝገብ መመለሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሊንዳ ሮንስታት በ1983 ከአንጋፋው አቀናባሪ ኔልሰን ሪድል ጋር «ዋትስ ኒው» የተባለውን አልበም አውጥታለች፤ ሮድ ስቱዋርትም ከ2002 ጀምሮ ተከታታይ የስታንዳርድ አልበሞችን ሠርቷል። ስለዚህ ጥያቄው «አንዲት የፖፕ አቀንቃኝ ስለምን ስታንዳርድ ዘፈነች?» የሚል አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው የተላለፈው ምንድን ነው? በምንስ መንገድ ተላለፈ? የሚለው ነው።

2. ስታንዳርድ እና ክሩነር

«ስታንዳርድ» የሚለው ስያሜ በአብዛኛው ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ለብሮድዌይ ቲያትሮችና ለሆሊውድ ፊልሞች ተደርሰው፣ በኋላ የጃዝ ሙዚቀኞች ደጋግመው በመጫወት የጋራ ንብረት ያደረጓቸውን ዘፈኖች ያመለክታል። ኧርቪንግ በርሊን፣ ኮል ፖርተር፣ ሪቻርድ ሮጀርስና ሎሬንዝ ሃርት፣ ጆርጅ ገርሽዊን ከዋነኞቹ ደራሲዎች መካከል ናቸው። ስታንዳርድ «የእገሌ ዘፈን» ተብሎ ለአንድ ድምፃዊ አይሰጥም። ሰው የሚመዘነው ሌሎች መቶ ጊዜ የዘፈኑትን ዜማ ይዞ በሚያመጣው አዲስ አገላለጽ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ንጽጽር ትዝታ ነው። ትዝታንም እያንዳንዱ ድምፃዊ በራሱ መንገድ ያዜመዋል፤ የሚለካውም በዚያው ነው። ሆኖም በሁለቱ መካከል ግልጽ ልዩነት አለ። በትዝታ ጸንቶ የሚቆየው ቅኝቱና የዜማው መንፈስ ሲሆን ግጥሙ ከድምፃዊ ድምፃዊ ይለያያል። በስታንዳርድ ግን ግጥሙም ዋናው ዜማም የተወሰኑ ናቸው፤ የድምፃዊው ነፃነት ያለው በጊዜ አጠቃቀሙ ላይ ነው። የትኛውን ቃል ከምቱ ያስቀድማል? የትኛውን ያዘገያል? የት ይተነፍሳል? የትኛውን ፊደል ይጎትታል? አንድ የስታንዳርድ ድምፃዊ ሙያው የሚታወቀው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው። ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ደግሞ በኖታ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

የዘፈኖቹ አወቃቀር ይህን ነፃነት ይደግፋል። ብዙዎቹ 32 ባር ያላቸው ሆነው በአራት እኩል ክፍሎች የተዋቀሩ ናቸው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ተመሳሳይ ዜማ ሲኖራቸው ሦስተኛው ይለያል። አድማጭ የዜማውን አካሄድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ድምፃዊው ከሚጠበቀው ቦታ ትንሽ ሲያፈነግጥ ወዲያው ይሰማዋል። የአልበሙ ስም የተወሰደበትና በርሊን በ1935 «ቶፕ ሃት» ለተባለው ፊልም የደረሰው «ቺክ ቱ ቺክ» ከዚህ ልማድ ወጥቶ 72 ባር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ረጅም ዜማ ለሁለት ሰዎች ቅብብሎሽ ሰፊ ቦታ ይሰጣል።

«ክሩነር» የሚባለው የድምፃዊ ዓይነት የቴክኖሎጂ ልጅ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ከመስፋፋቱ በፊት ድምፃዊ አዳራሹን በጉሮሮው ኃይል መሙላት ነበረበት። ማይክሮፎኑ ግን እንደ ቢንግ ክሮዝቢ ያሉ ድምፃውያን ለአንድ ሰው ጆሮ እንደሚያወጉ ሆነው በለሰለሰ ድምፅ እንዲያዜሙ አስቻላቸው። ቤኔት ከዚህ ወገን ይመደባል፤ ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ ተመልሶ በአሜሪካን ቲያትር ዊንግ በቤል ካንቶ ስልት ስለሠለጠነ፣ በለስላሳው ንግግር መሰል አዘፋፈን ላይ የኦፔራ ዓይነት ጉልበት ይጨምርበታል። ዜማውን በወግ ጀምሮ በከፍተኛ ድምፅ መዝጋት መለያው ሆኖ ቆይቷል።

3. ሦስት የጥምረት መንገዶች

የቤኔትንና የጋጋን ሥራ በቦታው ለማስቀመጥ ከሌሎች ሁለት የጥምረት ቀረጻዎች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ናታሊ ኮል በ1991 ያወጣችው «አንፎርጌተብል» ነው። አባቷ ናት ኪንግ ኮል በ1965 አርፏል። የጥምረት ዜማው የተሠራው ቀድሞ ከተቀረጸው የአባት ድምፅ ጋር የልጅቷን ድምፅ በማዋሐድ ነው። እዚህ ላይ ታናሽ ታላቅን ትከተላለች፤ ታላቅ ግን ለታናሽ ምላሽ ሊሰጥ አይችልም።

ሁለተኛው የፍራንክ ሲናትራ የ1993 «ዱዌትስ» ነው። ሲናትራ ድርሻውን ከኦርኬስትራው ጋር በስቱዲዮ ከዘፈነ በኋላ አጋሮቹ በሌላ ቦታና በሌላ ጊዜ፣ አንዳንዶቹም በዲጂታል የስልክ መስመር አማካይነት፣ ድምፃቸውን ጨመሩ። አልበሙ በሽያጭ እጅግ ተሳካ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች በሕይወት እያሉ እንኳ ግንኙነቱ የአንድ አቅጣጫ ነበር፤ እንግዳው ድምፃዊ ቀድሞ ከተወሰነ አዘፋፈን ጋር ራሱን ማጣጣም ነበረበት።

ሦስተኛው መንገድ ቤኔት በ2006፣ በሰማንያ ዓመቱ፣ ባወጣው «ዱዌትስ፦ አን አሜሪካን ክላሲክ» የተከተለው ነው። ፕሮዲውሰሩ የሲናትራን «ዱዌትስ» ያዘጋጀው ያው ፊል ራሞን ነበር፤ አሠራሩ ግን ተለየ። ቤኔትና አጋሮቹ በአንድ ስቱዲዮ ተገናኝተው፣ እየተያዩ ዘፈኑ። የአንድ ባለሙያ ሁለት ሥራዎች በመሆናቸው ንጽጽሩ ይበልጥ ጠቃሚ ይሆናል፤ ልዩነቱ በፕሮዲውሰሩ ችሎታ ሳይሆን በመረጡት አሠራር የመጣ ነውና።

ቤኔት ይህን መንገድ የመረጠው በድንገት አይደለም። በ1970ዎቹ የሙያ ሕይወቱ በተዳከመበት ወቅት ከፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስ ጋር በ1975 እና በ1977 የወጡ ሁለት አልበሞችን ሠርቷል። በእነዚህ አልበሞች የሚሰሙት አንድ ድምፅና አንድ ፒያኖ ብቻ ናቸው። ከበሮና ባስ በሌለበት ምቱን የሚጠብቀው ሁለቱ ሰዎች አንዱ ለሌላው የሚሰጡት ትኩረት ነው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የወጡት የጥምረት አልበሞች ይህንኑ ልማድ ለሰፊው ሕዝብ ያቀረቡ ናቸው ማለት ይቻላል።

4. ከመጀመሪያው ዜማ እስከ «ቺክ ቱ ቺክ»

ሁለቱ ድምፃውያን የተዋወቁት በ2011 በኒው ዮርክ በተካሄደ የበጎ አድራጎት ዝግጅት ላይ ጋጋ በናት ኪንግ ኮል የታወቀ አንድ ስታንዳርድ ስትዘፍን ቤኔት ከሰማት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በ«ዱዌትስ 2» ውስጥ ሮጀርስና ሃርት በ1937 የደረሱትን «ዘ ሌዲ ኢዝ ኤ ትራምፕ» አብረው ዘፈኑ። ሌላዋ የአልበሙ ተሳታፊ ኤሚ ዋይንሃውስ ነበረች። እርሷ በማርች 2011 በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ከቤኔት ጋር የቀረጸችው «ቦዲ ኤንድ ሶል» ከመሞቷ በፊት የመጨረሻ ቀረጻዋ ሆነ። በ2015 በወጣው «ኤሚ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ላይ ድምፃዊቷ በራሷ አዘፋፈን ተጨንቃ፣ ቤኔትም በእርጋታ ሲያበረታታት ይታያል። ድምፆች በተናጠል በሚቀረጹበት አሠራር እንዲህ ያለ የአስተማሪና የተማሪ ቅጽበት ሊኖር አይችልም ነበር።

ጋጋ ወደዚህ ሥራ የመጣችው ባዶ እጇን አልነበረም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፒያኖ ተምራለች፤ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲም ለአጭር ጊዜ የሙዚቃዊ ቲያትር ትምህርት ተከታትላለች። ስታንዳርዶች አብዛኞቹ የተወለዱት በዚሁ ቲያትር መድረክ ነውና ዝምድናው ጥልቅ ነው። ነገር ግን የቲያትር አዘፋፈን በረድፍ መጨረሻ ለተቀመጠ ተመልካች የሚደርስ ግልጽና ትልቅ ስሜት ይፈልጋል፤ የክሩነር አዘፋፈን ደግሞ ስሜቱን አሳንሶ አድማጩን ወደ ራሱ ያስጠጋል። በጥምረት ዜማዎቹ ላይ የሚሰማው ውጥረት ከዚህ ይመነጫል። ጋጋ ቃሉን ታጋንናለች፤ ቤኔት ቃሉን እንደ ተራ ወሬ ጣል ያደርገዋል። እርሷ በጉልበት ስትመጣ እርሱ ወደ ኋላ ይላል፤ እርሱ ከፍ ሲል እርሷ ትለሰልሳለች።

በ«ቺክ ቱ ቺክ» ውስጥ የጋጋ ሙያ ለብቻው የሚፈተነው በ«ለሽ ላይፍ» ነው። ቢሊ ስትሬይሆርን ገና በወጣትነቱ የደረሰው ይህ ዜማ የተለመደውን የአራት ክፍል አወቃቀር አይከተልም፤ የድምፅ ስፋቱና ያልተጠበቁ የኅብረ ድምፅ ሽግግሮቹ የታወቁ ድምፃውያንን ሳይቀር አስቸግረዋል። ሲናትራ በ1958 ሊቀርጸው ጀምሮ ትቶታል። ጋጋ ዜማውን ብቻዋን ስትዘፍን የቲያትር ልማዷ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን ዝግ ባለው መክፈቻ ላይ ምቱን ሳትቸኩል መጠበቋና የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም ከድምፅ ውበት ማስቀደሟ በ2011 ቀረጻ ከተሰማው የተለየ ነው። ለውጡን በቤኔት ተጽዕኖ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ከእርሱ ጋር በተሠሩት ዜማዎች ከሚሰማው አሠራር ጋር ግን ይመሳሰላል።

የሙዚቀኞቹ ድርሻም ሊዘነጋ አይገባም። አልበሙ የቤኔትን ነባር አራት ሙዚቀኞችና ጋጋ አብራቸው ስትሠራ የቆየቻቸውን፣ በጥሩምባ ነፊው ብራያን ኒውማን የሚመሩትን ወጣት ሙዚቀኞች አንድ ላይ አምጥቷል። የቤኔት ከበሮ መቺ ሃሮልድ ጆንስ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ውስጥ ያገለገለ ነው። ስለዚህ በድምፃውያኑ መካከል የሚታየው ቅብብሎሽ ከጀርባቸውም በመሣሪያ ተጫዋቾቹ መካከል ይካሄድ ነበር።

5. ትውስታ ሲደክም፦ «ላቭ ፎር ሴል»

ቤኔት በ2016 የአልዛይመር በሽታ እንዳለበት ተረጋገጠ። የኮል ፖርተርን ዜማዎች ብቻ የያዘው «ላቭ ፎር ሴል» ከ2018 እስከ 2020 መጀመሪያ በኒው ዮርኩ ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ቤተሰቡ ሕመሙን ይፋ ያደረገው በፌብሩዋሪ 2021 በኤኤአርፒ መጽሔት በወጣ ዘገባ ሲሆን፣ ቤኔት በቀረጻዎቹ መካከል እምብዛም እንደማይናገር፣ አንዳንዴም ግራ የተጋባ እንደሚመስል ዘገባው ይገልጻል። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ይዘፍናል።

ይህ ክስተት ለሕክምና ሳይንስ እንግዳ አይደለም። የአልዛይመር በሽታ በቅድሚያ የሚጎዳው የቅርብ ክስተቶችን የማስታወስ ችሎታ ነው፤ በረጅም ልምምድ በሰውነት ውስጥ የሰረጸ ክህሎትና ከወጣትነት ጀምሮ የታወቀ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይጠፋል። ለሙዚቃ ጥናት ግን ክስተቱ ሌላ ነገር ያሳያል። በክፍል 2 እንደተገለጸው የስታንዳርድ ድምፃዊ ዕውቀት በጊዜ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተና በወረቀት የማይሰፍር ነው። ዕውቀቱ በልምምድ በሰውነት ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ቀኑን በማያስታውስበት ጊዜ እንኳ ሊሠራ ችሏል።

በዚህ ቀረጻ የሁለቱ ሚና ተለወጠ። በ2011 ቤኔት መሪ፣ ጋጋ ተከታይ ነበረች። አሁን እርሷ የዜማውን መግቢያ የምታመላክት፣ እርሱን የምታጅብና የምትደግፍ ሆነች። በኦገስት 2021 በሬዲዮ ሲቲ ሙዚቃ አዳራሽ ሁለቱ ያቀረቧቸው ሁለት የስንብት ዝግጅቶች ይህን ለሕዝብ አሳይተዋል። ጋጋ በኋላ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን «ስድሳ ደቂቃ» ዝግጅት ላይ እንደገለጸችው፣ ወደ መድረኩ ስትገባ ቤኔት ስሟን ጠራ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስሟን ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። የሚያደርገውን ነገር ሙሉ በሙሉ ላያስታውስ የሚችል ሰው ለንግድ የሚቀርብ አልበም ለመሥራት ፈቃዱን ሰጥቷል ሊባል ይችላል? አንዱ ወገን፣ ዘፈን መዝፈኑ በሐኪሙ የተበረታታና ለአእምሮው ይጠቅም የነበረ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ለጤና መዝፈንና ለሽያጭ መቅረጽ አንድ አይደሉም ብሎ ሊሞግት ይችላል። ሁለተኛው ሙግት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ሕመሙ ይፋ ከሆነ በኋላ የአልበሙ ዜና ሁሉ ከሕመሙ ዜና ጋር ተያይዞ ቀርቧልና።

ለፍርድ የሚረዳ አንድ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ሥራው ሰውየው በጤናው ሳለ ደጋግሞ ከመረጠው ልማድ ጋር ያለው መጣጣም ነው። ቤኔት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስታንዳርድ ዘፍኗል፤ የዘመኑን ተወዳጅ ዘፈኖች እንዲቀርጽ ግፊት በተደረገበት ጊዜም ይህን መዝገብ አልተወም፤ ፊት ለፊት ቀረጻን መርጧል፤ ከጋጋም ጋር በጤናው ወቅት ሠርቷል። «ላቭ ፎር ሴል» በእነዚህ ምርጫዎች ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር የለውም። አድማጩም አልበሙ በወጣበት ጊዜ የድምፃዊውን ሁኔታ ያውቅ ነበር። በዚህ መመዘኛ ሥራው ተቀባይነት አለው። ተመሳሳይ ሰው ቀድሞ ወዳልመረጠው የሙዚቃ ስልት ወይም ወዳልኖረበት የሥራ መንገድ ቢወሰድ ግን መልሱ ተቃራኒ ይሆናል።

6. የቅብብሎሹ ገደብ

ይህን ታሪክ የሁለት ሰዎች ውርስ አድርጎ መተረክ የሚሸፍነው ነገር አለ። የብሮድዌይ ዜማዎች «ጃዝ ስታንዳርድ» የሆኑት በዋነኛነት ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በምትና በኅብረ ድምፅ ስለለወጧቸው ነው። «ቺክ ቱ ቺክ» የዱክ ኤሊንግተንንና የስትሬይሆርንን ሥራዎች በማካተት ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ የተሸለመ በመሆኑ ለኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክም ሩቅ ሰው አይደለም። ሁለተኛው አልበም ግን ወደ አንድ ነጭ የብሮድዌይ ደራሲ ብቻ ጠብቧል። የግጥሞቹ ውበት የማይካድ ቢሆንም፣ አልበሙን ብቻ የሚሰማ አዲስ አድማጭ የመዝገቡን ግማሽ ታሪክ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ከሁለቱ ድምፃውያን ፎቶግራፍ ጀርባ የተቀመጡትን ሙዚቀኞች ማጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት አንዱ መንገድ ነው።

7. ማጠቃለያ

ቤኔት በጁላይ 2023 በ96 ዓመቱ አረፈ። ጋጋ ከ2019 ጀምሮ በላስ ቬጋስ ስታንዳርዶችን የምታቀርብበት ዝግጅት ነበራት፤ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ያለ ቤኔት በርካታ ስታንዳርዶችን የያዘውን «ሃርለኩዊን» አልበም አወጣች። መምህሩ ከሄደ በኋላ ተማሪዋ ሥራውን መቀጠሏ፣ የተላለፈው ነገር የገበያ አጋርነት ብቻ እንዳልነበረ ከሚያመለክቱ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ከዚህ ትንታኔ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ስታንዳርድ የሚተላለፈው በዘፈን ዝርዝር ሳይሆን በጊዜ አጠቃቀም ዕውቀት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ዕውቀት በሁለት አቅጣጫ ምላሽ የሚሰጥ የቀረጻ አሠራር ይፈልጋል፤ ድምፆችን በኋላ ማዋሐድ ዜማን ያስገኛል እንጂ ሙያን አያስተላልፍም። ሦስተኛ፣ አንጋፋ ባለሙያዎችን በዕድሜ መጨረሻ መቅረጽ ተገቢነቱ የሚመዘነው በሽያጩ ወይም በዝናው ሳይሆን ባለሙያው በጤናው ሳለ ከኖረበት ምርጫ አንጻር ነው።

በኢትዮጵያም ወጣት ድምፃውያን የአንጋፋዎችን ዜማ እንደገና ማዜማቸው የተለመደ ነው። ለቀጣይ ጥናት የሚጠቅመው ጥያቄ ማን የማንን ዘፈን ዘፈነ የሚለው ብቻ አይደለም። አንጋፋው በቀረጻው ቦታ ተገኝቶ ነበር? ለወጣቱ አዘፋፈን ምላሽ የመስጠት ዕድል ነበረው? ነባር የመሣሪያ ተጫዋቾችስ ተሳትፈዋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ባለሙያዎቹን በሕይወት ሳሉ መጠየቅና የቀረጻ ሂደቶችን መመዝገብ በኖታ ሊሰፍር የማይችለውን የሙያ ዕውቀት ለማጥናት መነሻ ይሆናል።